የማዳልቾ ቀኝ እግር

በአንድ ወቅት፣ የሆስፒታል አልጋ ማግኘት እንደ ዕድል በሚቆጠርበት ከተማ፣ ማዳልቾ የሚባል ሸማኔ መኪና ገጭቶት የቀኝ ጭኑ አጥንት ተሰበረ። ሸማኔ የሚኖረው በእግሩም ጭምር ነው፤ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ሁለቱን መርገጫዎች ካላፈራረቀ ክሩ ጨርቅ አይሆንም።

ቀዶ ጥገናውን የሠሩት ዶክተር ይትባረክ ናቸው። በከተማው የተሰበረ የጭን አጥንት ውስጥ ብረት ማስገባት የሚችል ሐኪም ከእሳቸው በቀር አልነበረም። እግሩ ዞሮ እንዳይቀር ከጤነኛው ጋር ማስተያየት ነበረባቸው። እሳቸው ግን ጤነኛውን እግር በጨርቅ አስሸፍነው ብረቱን በአርባ ደቂቃ አስገቡና ራጁን አዩ። አጥንቱ ቀጥ ብሏል። ከፊት የተነሣ ራጅ መዞርን አያሳይም።

ረዳታቸው ዶክተር ናሆም የወጌሻ ልጅ ነው። አባቱ ስብራት ሲያቃና መጀመሪያ የሚያየው የሁለቱን እግሮች አውራ ጣት ነበር። ናሆም ጨርቁን ገለጥ አደረገ።

«ዶክተር፣ እግሩ የዞረ መሰለኝ።»

«አንተ ሐኪም ነህ ጫማ ሰፊ?»

ክፍሉ ሳቀ። ናሆምም አብሮ ሳቀና ጨርቁን መለሰው። በሳምንቱ ፈተና ነበረበት፤ የሚፈትኑትም ዶክተር ይትባረክ ነበሩ።

የክፍሉ ነርስ ሲስተር ወለላ በማግስቱ እግሩ መዞሩን አየች። አጥንቱ ገና ስላልያዘ ማስተካከሉ ያኔ ቀላል ነበር።

«ሲስተር፣ እግሬ በሩን ነው የሚያየው» አላት ማዳልቾ።

«እብጠቱ ሲጎድል ይመለሳል፣ ጋሼ።»

ሐኪሞቹ ሲጎበኙ ግን ትራስ ወትፋ እግሩን ቀጥ አደረገችው፤ የዶክተሩን ስድብ ፈርታ። ዘመድ ያልነበረውን ሰው አንድ ወር ሙሉ ያጠበችውም እሷው ናት።

በአምስተኛው ወር ማዳልቾ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ። ሲቆም ወደ ውጭ የሚያየው እግር፣ ሲቀመጥ ግን ጉልበቱ ወደ ውጭ ስለሚከፈት መዳፉ ወደ ውስጥ ገብቶ የግራውን መርገጫ ረገጠ። ደጋግሞ ሞከረ።

«ሁለቱ እግሮችህ አንድ መርገጫ ላይ ተጋቡ እንዴ?» አለው የጎረቤቱ ሸማኔ።

ለሆስፒታሉ አቤት አለ። ዶክተሩ፣ ናሆምና ወለላ ተጠርተው ሦስቱም ጥፋታቸውን አመኑ። የሆስፒታሉ ኃላፊ ወረቀት ገፋ አደረጉለት።

«አጥንቱ እንደገና ተቆርጦ ይስተካከልልሃል። መጀመሪያ ግን የጥፋተኛውን ስም ጻፍ። የጻፍከው ሰው ዛሬውኑ ከሥራ ይሰናበታል።»

«ጥፋተኞቹ ሦስት ናቸው፣ ጌታዬ።»

«ቦታው ለአንድ ስም ነው። ባዶ ከተውከው ፋይሉ ይዘጋል፤ እግርህም እንደዞረ ይቀራል።»

ዶክተሩን ቢጽፍ እግሩን የሚያቃናለት የለም። ናሆምን ቢጽፍ የሚባረረው አፉን የከፈተው ብቸኛ ሰው ነው። ወለላን ቢጽፍ ያጠበችውን እጅ ከእንጀራዋ ይነጥላል።

ማዳልቾ ጠረጴዛው ፊት ቆሞ እስክሪብቶውን ይዟል። ሦስቱ በሩ ላይ ይጠብቃሉ፤ ቀኝ እግሩም ወደ እነሱ ዞሯል። እስቲ ፍረዱ፦ የማንን ስም ይጻፍ?