እመት ሰጎንና ሁለቱ ስንጥቆች

ተረቴ ከጨው ምድር በእግሩ መጣ፤ ጆሮ ያለው ይቀመጥ፣ የቸኮለ መንገዱን ይቀጥል።

ድሮ ድሮ፣ መሬትም አፍ በነበራት ዘመን፣ በጨው ምድር እመት ሰጎን የምትባል ወፍ ነበረች። በዚያ አገር ዳጉ የሚሉት ሕግ አለ። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቆመው ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ። አንዱ ይነግራል፣ ሌላው ይነግራል፣ አይደብቁም፣ አይጨምሩም፤ ከዚያ ይለያያሉ። እመት ሰጎን አንገቷ ረጅም ስለሆነ ከሁሉ አርቃ ታያለች። ኩራቷማ ለጉድ ነበር!

በሰሜን በኩል አያ ስንጥቅ የሚባል የመሬት ስንጥቅ ተጋድሞ ነበር። በደቡብ በኩል እህቱ እትዬ ስንጥቅ ነበረች። ሁለቱም አፍ እንጂ ዓይን የላቸውም። ከሥር እሳት ሲገፋቸው ጥቂት ጥቂት ያድጋሉ፤ መገናኘት ይመኛሉ፤ ወዴት እንደሚያድጉ ግን አያውቁም። በመካከላቸው አንድ ግራርና ለስላሳ አሸዋ ያለበት ሜዳ አለ። እመት ሰጎን እንቁላሏን እዚያ ለመጣል አሰበች።

አንድ ቀን ወደ ሜዳው ስትሄድ አያ ስንጥቅን አገኘችው።

«ዳጉ፣ እመት ሰጎን! ምን አየሽ?»

«እህትህን አየኋት፤ ጫፏ ከግራሩ ሥር ደርሷል።»

«አበጀሽ!» አለና ጫፉን ወደ ግራሩ አዞረ።

እመት ሰጎን ክንፏን አራግፋ ሄደች። «አንተስ ምን ሰማህ?» አላለችም። የተጋደመ ዕውር ምን ያውቃል ብላ ነው። ከዚያም በሜዳው አሥራ አንድ እንቁላል ጣለች።

ሌላ ቀን እትዬ ስንጥቅን አገኘቻት።

«ዳጉ፣ እመት ሰጎን! ምን አየሽ?»

«ወንድምሽ ወደ ግራሩ ዞሯል።»

«ተባረኪ!» አለችና እሷም ጫፏን ወደ ወንድሟ አጠፈች።

እመት ሰጎን አሁንም ሳትጠይቅ ልትሄድ ስትል፣ ድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቅ ገበሎ ጠራት።

«ሰጠሽ፤ አልተቀበልሽም እኮ! ዳጉ እንዲህ ነው?»

«ወሬ ያለው ከላይ ነው» አለችው። «ከሥር ምን ወሬ አለ?»

ገበሎው ፊቱን ወደ ፀሐዩ መለሰ። ለኩሩ ምን ይባላል?

ቀን ቀንን ወለደ። ጫጩቶቹ በቅርፊታቸው ውስጥ ሆነው ድምፅ ማሰማት ጀመሩ። እመት ሰጎንም ደስ አላት። በሦስተኛው ቀን ግን ሜዳው ወደ አንድ ጎን አዘመመ፤ እንቁላሎቹም መንከባለል ጀመሩ። ቀና ብላ ብታይ፣ ሁለቱ ስንጥቆች ጎጆዋን በግራና በቀኝ ከበውታል። እየሮጠች ወደ አያ ስንጥቅ ሄደች።

«አያ ስንጥቅ! ጎጆዬ አዘመመ! ምን ሰማህ?»

«ዛሬ ገና ጠየቅሽኝ?» አላት። «እሳቱ መውጫ አጥቶ ሲያጉረመርም ከርሟል። እኔና እህቴ ስንገናኝ በመካከላችን ይወጣል። ይህን አንድም እንቁላል ሳትጥዪ ጀምሮ አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግረሽኝ ትሄጃለሽ። እግር የለኝ፣ ተከትዬ አልነግርሽ።»

«እባክህ ቁም! ልጆቼ ሊፈለፈሉ ነው!»

«እኔ መች በፈቃዴ ሄድኩና? የሚገፋኝ እሳቱ ነው። ወዴት እንደምሄድ ያሳየሽኝ ደግሞ አንቺ ነሽ።»

ይህን እንደተናገረ ጫፉ ከእህቱ ጫፍ ጋር ገጠመ። ሜዳው ከመሃል ተሰነጠቀ። እመት ሰጎን ወደ ጎጆዋ ሮጣ ክንፏን ዘርግታ እንቁላሎቹን ልትሸፍን ሞከረች፤ ክንፍ ግን የሚሰምጥ አሸዋ አያቆምም። እንቁላሎቹ አንድ በአንድ ወደ ጥልቁ ወረዱ። ጫጩቶቹ እየጠሯት ነበር፤ ሰማቻቸው። ከዚያ እሳቱ ወጣ፤ ድምፃቸውም ጠፋ።

እመት ሰጎን ላባዋ ተለብልቦ ከአንድ ኮረብታ ላይ ቆማ አለቀሰች። ያንን የሚያህል አንገት ይዛ ከእግሯ ሥር ያለውን አላወቀችም።

ተረቴ አለቀ፤ እኔ የሰማሁትን ነገርኳችሁ፣ እናንተም የሰማችሁትን ንገሩኝ። ወሬ ሰጥቶ ወሬ የማይቀበል፣ የቤቱን መፍረስ ከፍርስራሹ ይሰማል።