ለዘር የተቀመጠው ኑግ

አንድ ኑግ ዘሪ ገበሬ ነበረ። ይህን የምነግርሽ፣ እትዬ ዘነቡ፣ «ዕጢው ወጥቶልኝ የለም እንዴ? ደሜን እንደገና የሚቀዱት ምን ቀርቶ ነው?» ብለሽ ስለጠየቅሽኝ ነው።

ማሳው ውስጥ ቢጫ ክር የሚመስል አረም ገባ። ኑጉ ላይ ተጠምጥሞ እሱኑ የሚመጥጥ ነው። ገበሬው ነቅሎ አቃጠለውና ደስ ብሎት አጨደ። ለዘር የሚሆነውን በጆንያ አስቀመጠ። ሌላ ዘር አልነበረውም፤ የከርሞ ኑሯቸው ያ ጆንያ ነው።

ሊዘራ ሲነሳ ሚስቱ፣ «አረሙ ገና ሳትነቅለው በፊት አፍርቶ፣ ፍሬው ከዘሩ ተቀላቅሎ ከሆነስ?» አለችው።

«አንቺ ደግሞ! ዓይኔ እያየ አቃጥዬው?»

«ዓይንህማ ክሩን ነው ያየው።»

ነፉት፣ በእጅ ለቀሙት፤ ከዚያ ሁሉ ፍሬ መሃል የአረሙን ማን ይለየው? ሰውየው ከተሰበረ ሬዲዮ የወጣ ማግኔት አምጥቶ አንድ ጣሳ ዘር ውስጥ አገላበጠው። ምንም አልያዘም። «ይኸው ንጹሕ ነው!» ብሎ ጆንያውን ሊሸከም ጎንበስ አለ።

ሚስቱ ሳቀች። «የኔ ጌታ፣ አረም መቼ ብረት ሆኖ ነው ማግኔት የሚይዘው?»

ከብየዳ ቤት ደጅ እንደ ዱቄት የላመ የብረት ብናኝ ጠርጋ አመጣች። የጣሳውን ዘር በጥቂት ውሃ አርሳ ብናኙን ነሰነሰችበትና አሸችው። የኑጉ ፍሬ ለስላሳ ነውና ብናኙ ከላዩ ተንሸራተተ፤ የአረሙ ፍሬ ሻካራ ነው፣ ብናኙን ለበሰ። ማግኔቱን መልሳ ጣሳው ውስጥ ስታገላብጠው ጥቂት ፍሬዎች ተንጠልጥለው ወጡ።

ገበሬው ቅዝዝ አለ። «ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።»

«ባታየውማ ዘርተኸው ነበር።»

ጆንያውን እንዲያ አድርገው አጠሩትና ዘራ፤ ክረምቱንም ማሳውን እየዞረ አየ። በመስከረም መጨረሻ ማሳው ቢጫ ሆነ፤ የአበባ ቢጫ።

አየሽ እትዬ፣ ዕጢው የነቀሉልሽ ክር ነው፣ ደምሽ ደግሞ ጆንያው። ነርሷ ስታስረዳሽ አጠገብሽ ነበርኩ። በዓይን የማይታይ የብረት ብናኝ ደሙ ላይ ይጨምራሉ፤ ከዕጢው ያመለጠ ሕዋስ ላይ ብቻ እንዲጣበቅ ተደርጎ የተሠራ ነው። ከዚያ በማግኔት ይስቡታል። ሁሉም ብልቃጥ ውስጥ ነው፤ አንቺ ውስጥ የሚገባ ብረት የለም። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ያንሳል፤ ደምሽን እንደ ጆንያው ሁሉንም አያጠሩትም። እንደዚያች ጣሳ ትንሽ ቀድተው ያያሉ፣ ሐኪሙ መድኃኒቱን አውቆ እንዲመርጥ።

ምን ቀርቶ ነው ላልሽው፣ ምናልባት ምንም። ግን አይቶ መዝራት ይሻላል። ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ እጅጌው ሰፊ የሆነውን ቀሚስሽን ልበሺ።