በምሽጉ ዙሪያ ያለው መሬት

አንድ ገበሬ ነበረ፤ ማሳው ከአንድ የድሮ ምሽግ ሥር ነበር።

የኔታ እንዲህ ብለው የጀመሩት፣ ባሏ የሞተባትን ሴት ሊያጽናኑ ቤቷ በመጡ ዕለት ነው። እሷ «የኔታ፣ የባሌን ክፍል ምን ላድርገው? ወንዱ ልጄ አከራዪው ይለኛል፣ ሴቷ አፍርሺው ትለኛለች፤ እኔ ደግሞ ቁልፉን ካንገቴ ማውለቅ አቃተኝ» ብላ ጠይቃቸው ነበር። ጥያቄዋን ያልሰሙ መስለው ቀጠሉ።

ምሽጉ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ወታደር የሚያድርበት ነበር። በግንቡ ዙሪያ፣ ጥይት እስከሚደርስበት ድረስ፣ ምንም እንዳይበቅል ታዟል፤ ጠላት ተደብቆ እንዳይጠጋ ነው። ስለዚህ ክረምቱ ሲወጣ ያገሩ ሰው ማጭድና ገጀራውን ይዞ ይመጣና ቁጥቋጦውን ይመነጥራል። ጥቁር አፈር፣ ምን የመሰለ መሬት፣ ባዶውን ይከርማል።

አንድ ቀን ወታደሮቹ ጓዛቸውን ጭነው ሄዱ። ምሽጉ ተዘጋ። ቁልፉ ለአገሩ ሽማግሎች ተሰጠና «ምን እንደሚሆን እናንተው ወስኑ» ተባሉ።

መወሰኑ ቀላል አልሆነም። አንዱ ይነሳና «ይፍረስ፤ ድንጋዩ ለትምህርት ቤት ይሁን» ይላል። ሌላው «አባቶቻችን የሞቱበት ነው፤ አንዲት ድንጋይ የነካ ጠቡ ከኔ ጋር ነው!» ይላል። «እስር ቤት ይሁን» ያለም ነበር። «እሺ፣ መጀመሪያ የምትገባው ግን አንተ ነህ» አሉትና ሳቁ፤ ሳቁና ለሌላ ጊዜ ተቀጣጠሩ።

ገበሬው ግን ሳቁ አልመጣለትም። ልጁ አግብቶ ሊወልድ ነው፤ ማሳው ደግሞ ለሁለት ቤት አይበቃም። «ከመስቀል በኋላ መሬት ፍለጋ ቆላ እንወርዳለን» ብሎታል። ቆላው የወባ አገር ነው። አባት «ታገሥ፣ ምሽጉ ይወሰን፤ ያን ጊዜ ዙሪያውን ያካፍሉናል» እያለ ይለምነዋል። ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ይሄዳል። መቀመጥ ያቅተዋል፤ ይነሳል፣ ተመልሶ ይቀመጣል፣ ደግሞ ይነሳል። ቤቱም ሲገባ እህል የሚቀምሰው ቆሞ ነው።

መስቀል አለፈ። ቁጥቋጦ የሚመነጠርበት ቀን ደረሰና ሰው ሁሉ እንደ ልማዱ ወጣ። ያዘዘ የለም፤ የቀረም የለም። ገበሬው ጎንበስ ብሎ እየመነጠረ ሳለ፣ ማዶ መንገዱ ላይ ልጁ አህያ ሲጭን ይታየዋል። ሚስቱ ውሃ ይዛለት መጣችና ካጠገቡ ቆመች።

«ለማን ነው የምትመነጥረው?» አለችው።

«ለዘቡ ነዋ።»

«ለየትኛው ዘብ?»

ቀና ብሎ የግንቡን የተኩስ ቀዳዳ አየ። ርግብ ተቀምጣበታለች።

«እሷ ናት የምትተኩስብህ? ልጄን ለወባ የምትሰጠው ርግብ ፈርተህ ነው?»

ማጭዱን ጣለ። ቤቱ ሄደ፣ በሬዎቹን ጠምዶ ተመለሰ፣ ማረሻውንም እዚያ ባዶ መሬት ውስጥ ሰካው።

«ሰውዬ፣ አበድክ እንዴ? ምሽጉ እኮ አልተወሰነም!» ብለው ጮሁ። አንዱማ ሮጦ ከቋጥኝ ኋላ ተደበቀ። ገበሬው ራሱ፣ ጀርባውን ለግንቡ በሰጠ ቁጥር ይቀዘቅዘው ነበር። ግንቡ ሥር ደርሶ በሬዎቹን ሲያዞር ርግቦቹ ብር ብለው ወጡ። ሌላ ምንም አልሆነም።

ልጁ መንገድ ላይ ቆሞ ሲያይ ቆየ። ከዚያ ጭነቱን አራገፈ፤ ቆላ ወርዶ ሊዘራው የያዘውን ሽንብራ ከጓዙ መሀል አወጣና ባባቱ ትልም ላይ ይበትን ጀመር። ይኼኔ ያ የተደበቀው ሰውዬ ከቋጥኙ ኋላ ብቅ አለና «እናንተ ሰዎች፣ የኔ ድንበር ከየት ሊሆን ነው?» አለ።

ምሽጉ እስከ ዛሬ አልተወሰነም። አሁንም ይጨቃጨቁበታል፤ ግን የሽንብራ እሸት እየበሉ ነው።

የኔታ ወደ ሴቲቱ ዞሩ።

«ልጄ፣ ስለ ክፍሉ ጠየቅሽኝ። ክፍሉ ምሽጉ ነው፤ ምን እንደሚሆን እኔም አላውቅም። ሲገባሽ ትወስኛለሽ። ዙሪያውን ግን አየሁት። ፀሐይ የሚመታው ደጅ ከሱ ክፍል ፊት ያለው ነው፤ አንቺ ልብስ የምታሰጪው ጥላ ውስጥ ነው። የልጅ ልጆችሽ ኳሳቸው ወደዚያ ቢንከባለል ተቆጥተሽ አባረርሻቸው። እኔን እንኳ በጓሮ በኩል አስገባሽኝ። ማን አዘዘሽ? ባልሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መንገደኛ ሲያልፍ እዚያው ደጅ ላይ ሆኖ 'ግቡ እንጂ!' እያለ የሚጣራ ሰው ነበር። በየቀኑ እየወጣሽ የምትመነጥሪው አንቺው ነሽ።»

ሴቲቱ ያንገቷን ቁልፍ በጣቷ እያገላበጠች አቀረቀረች።

የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሱ።

«ክፍሉ ይቆይ» አሏት። «እኔን ግን በፊት ለፊቱ በር ሸኚኝ።»