«ጅብ በላት» የተባለችው የባሻ ደርቤ በቅሎ

አባቶቻችን ሲያወሩ እንደሰማነው፣ በመርሐ ቤቴ ባሻ ደርቤ የሚባሉ መልስ የማያጡ ሰው ነበሩ። ጉልበታቸውን ቁርጥማት ስለያዘው ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤተ ክርስቲያን የምታደርሳቸው አንዲት ዳማ በቅሎ ብቻ ነበረቻቸው። ታዲያ ጠበል ሊገቡ ሲሄዱ በቅሎዋን ለፊታውራሪ መሸሻ አደራ ሰጡ። ፊታውራሪ እንግዳ ሲመጣ ውሻ የሚያስፈቱ ንፉግ ጌታ ናቸው፤ ግን በአካባቢው ሰፊ በረት ያላቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ባሻ ከሁለት ወር በኋላ ተመልሰው በቅሎዋን ቢጠይቁ፣ ፊታውራሪ አንገታቸውን ደፍተው «ምን ላድርግህ ደርቤ፣ ጅብ በላት» አሏቸው። ባሻ እያነከሱ ወደ ቤታቸው ሲያዘግሙ ያችው ዳማ በቅሎ የፊታውራሪን ሚስት ተሸክማ ስትሰግር መንገድ ላይ አገኟት። ወዲያው ዞረው ተመለሱና፣

«የእርስዎ ግቢ ጅብ እንዴት ያለ ጨዋ ነው ጌታዬ! በልቶ ሲጨርስ ኮርቻ ይጭናል» አሉ።

ፊታውራሪ «በቅሎ ሁሉ ይመሳሰላል» ብለው ሸኟቸው። ወሬው አገር ሲያዳርስ ግን የባሻን አፍ በጉርሻ ለመዝጋት ግብር አበሉ። ያ ቤት ግብር ሲያበላ የታየው ያን ቀን ብቻ ነው። እንግዳው ሥጋው ላይ ሲረባረብ ባሻ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። «ብላ እንጂ ደርቤ፣ ምነው?» ቢሏቸው፣

«በቅሎዬ መበላቷን ከራስዎ ሰምቻለሁ፤ የት እንደተበላች ሳላጣራ እንዴት ልጉረስ?»

እንግዳው ሁሉ ያነሳውን ቁራጭ መልሶ አስቀመጠ። ፊታውራሪ አፈሩ፤ ሥጋው በመትረፉ ግን ውስጥ ውስጡን ደስ ብሏቸዋል ይባላል።

ነገሩ ዳኛ ፊት ቀረበ። ዳኛው ዋርካው ሥር ተሰይመዋል፤ በዋዜማው ከፊታውራሪ ቤት አንድ ትልቅ ቅል ማር እንደገባላቸውም አገር ያውቃል። ባሻ በተናገሩ ቁጥር ዳኛው መዳፋቸውን እያከኩ «ዛሬ እጄን ምን ነካው፣ ይበላኛል» ይላሉ። ባሻ ምልክቱ አልጠፋቸውም።

«እጅዎን ከበላዎ ፊታውራሪ ይከኩልዎ፤ እኔ ጥፍር የለኝም።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ዳኛውም እጃቸውን ካባቸው ውስጥ ከተቱ። ከዚያ ሦስት ምስክሮች ቀርበው በቅሎዋን ከነኮርቻዋ በዓይናችን አየናት አሉ። ይኼኔ የፊታውራሪ ነገረ ፈጅ መሪጌታ ክንፈ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሱ።

«በላ የሚለው ቃል ብዙ ትርጉም አለው። እሳት ይበላል፣ ብል ይበላል፣ ውሃም ሰው ይበላል። ጌታዬ ጅብ በላት ያሉት ጠፍታ ነበር ለማለት ነው። ቃሉ ራሱ የመጣው ከግዕዙ በልዐ ነው። መጨረሻው ላይ ዐይኑ ዐ የምትባለው ፊደል ነበረች፤ በዘመን ብዛት የቃሉ ዐይን ጠፋና በላ ሆኖ ቀረ።»

ሸንጎው በዚህ ሁሉ ዕውቀት አፉን ከፍቶ ቀረ። የባሻ ልብ ግን ደነገጠ፤ በቅሎዋን ካጡ ቀሪ ዕድሜያቸውን ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው መንገደኛ ሲቆጥሩ ሊኖሩ ነው። በከዘራቸው ተደግፈው ብድግ አሉ።

«ለካ ለዚህ ነው መሪጌታ! ዐይኑ ከጠፋ ወዲህ የማንን እንደሚበላ አያይም።»

ዳኛው ራሳቸው ሳቅ አመለጣቸው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ለማር መፍረድ ስለከበዳቸው «በቅሎዋ ለባለቤቷ ትመለስ» አሉ። ፊታውራሪ ልጓሙን እንደጨበጡ «ውሰዳት፤ ብቻ ይህን ነገር ለማንም ላታወራ ቃል ግባልኝ» አሏቸው። ልጓሙ ገና በሰው እጅ ነውና ባሻ ቃል ገቡ። ተደግፈው ወጡ፣ ኮርቻው ላይ ተደላደሉ፣ በቅሎዋም ሰገረች። ፊታውራሪ ከኋላ ጮኹ፦ «ደርቤ! ቃልህን እንዳትበላ!»

ባሻ ዞር ብለው፣

«አይስጉ ጌታዬ፤ ብበላም የራሴን ነው።»