ጀርባዋን የሰጠችው አነር

ተረት ላወራችሁ ነው። ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ።

ድሮ ድሮ፣ ከወጥመድ የተረፉና ከሰው እጅ የተነጠቁ አውሬዎች የሚኖሩበት አንድ የታጠረ ግቢ ነበር። በዚያ ግቢ አንዲት አነር ትኖር ነበር፤ ከድመት የምትበልጥ፣ ከነብር የምታንስ፣ እግሯ ረጅም፣ ጆሮዋ ትልቅ። ገና ግልገል ሳለች ሰዎች ከሣር ውስጥ አንስተው ቤታቸው ወሰዷት፤ አንገቷ ላይ ቃጭል አሰሩባት። ኋላ ሌሎች ሰዎች አስጥለው ወደ ግቢው አመጧት፤ ቃጭሉንም ከአንገቷ ፈትተው በግቢው በር ላይ ሰቀሉት።

ይህች አነር አንድ አመል ነበራት። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ አጥሩ ትሄዳለች። ለሁሉም ጀርባዋን ትሰጣለች። ጆሮዋን ታቀናለች። ትጠብቃለች፣ ትጠብቃለች፣ ሲመሽ ትመለሳለች።

እንዲህ ስታደርግ ኖራ አርጅታ ሞተች።

በግቢው ሕግ የሞተ ሁሉ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይለቀስለታል። ያልተለቀሰለት ስሙ ዳግም አይነሳም፤ እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል።

«ተነሱ እንጂ፣ ለቅሶ ነው!» አለች ኤሊ።

«የማን ለቅሶ?» አለች ጦጣ ከቅርንጫፏ ላይ።

«የአነር ነዋ!»

«አይ እትዬ ኤሊ! ዕድሜ ልኳን ጀርባዋን ለሰጠችን? ለእሷ የሚወጣ እንባ የለኝም።»

ከርከሮም ጭቃው ውስጥ እንደተኛ አጉረመረመ። «ኩራተኛ ነበረች። አንድ ቀን እንኳ ‹አያ ከርከሮ፣ እንዴት አመሸህ› ብላኝ አታውቅም።»

«አንተስ ብለሃታል?»

«ለጀርባ ሰላምታ ይሰጣል እንዴ?»

ኤሊ ነገሩ አልዋጥልሽ አላት። ክረምት ክረምት ከጎኗ ተኝታ የምታሞቃት አነር ነበረች። ያቺ አነር እንዴት ትንቃቸዋለች?

«እስኪ ጠይቄ ልምጣ። እስክመለስ አፈር አታልብሷት» አለች።

«እትዬ ኤሊ ሄደው እስኪመለሱማ እኛም እንሞታለን!» አለች ጦጣ። ሁሉም ሳቁ። ኤሊ ግን መንገድ ጀመረች።

ሄዳ ሄዳ ከግቢው በር ደረሰች። «በር ሆይ፣ አነር ምን ነበረች?»

«እንጃ» አለ በሩ ሲጥጥ እያለ። «ሌላው ሁሉ መከፈቴን ይጠብቃል። እሷ ግን ዞር ብላም አላየችኝ። በር የማይናፍቅ እስረኛ ከእሷ በቀር አላየሁም።»

ኤሊ ገረማት። በሩ ላይ ወደተሰቀለው ቃጭል ቀና አለች። «ቃጭል ሆይ፣ አንተ አንገቷ ላይ ኖረሃል። አነር ምን ነበረች?»

«‹ውሮ! ውሮ!› እያሉ ሲጠሯት አትሰማም፤ እኔም ስጮህ ትሸማቀቃለች» አለ ቃጭሉ። «ድምፅ ለእሷ ማባረሪያ እንጂ መጥሪያ አይደለም። መጥሪያዋ ምን እንደሆነ ግን አልነገረችኝም።»

ኤሊ ይብስ ገረማት። ሄዳ ሄዳ አነር ትቀመጥበት ከነበረው ቦታ ደረሰች። ከአጥሩ ማዶ ሰንበሌጥ በቅሏል። «ሰንበሌጥ ሆይ፣ አነር ምን ነበረች?»

«የእኔ ልጅ ነበረች» አለ ሰንበሌጡ። «አነሮች በውስጤ ሲሄዱ ልጆቻቸውን በድምፅ አይጠሩም፤ ጅብ ይሰማላ! እናቲቱ ትቀድምና ጀርባዋን ትሰጣለች፤ ጆሮዋን ታቀናለች። ከጆሮዋ ኋላ ነጭ ምልክት አለ። ልጆቿ ያንን ነጭ እያዩ ይከተላሉ። ጀርባ መስጠት በእነሱ ቋንቋ ‹ኑ፣ ተከተሉኝ› ማለት ነው።»

ኤሊ አንገቷን ወደ ድንጋይ ልብሷ ሰበሰበች። ቆይታ ብቅ አለች። «ወዴት ነበር የምትጠራን?»

«እግርሽ ሥር እዪ።»

አየች። ከሽቦው ሥር፣ በሣር የተሸፈነ፣ በጥፍር የተማሰ ቀዳዳ አለ። ለአነር ቀጭን ወገብ እጅግ ሰፊ ነው፤ ከርከሮን ከነሆዱ ያሳልፋል።

«ታዲያ ብቻዋን ለምን አልወጣችም?»

«በየማታው ጠይቄያታለሁ» አለ ሰንበሌጡ። «‹ከኋላዬ ኮቴ እስክሰማ› ትለኝ ነበር።»

ኤሊ ስትመለስ ፀሐይ ከአድማስ አፍ ላይ ደርሳለች። የሰማችውን ሁሉ ነገረቻቸው። ከዚያ ከርከሮ ከጭቃው ወጥቶ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ጦጣ ደረቷን መታች። ሁሉም አለቀሱ፤ አነርም በሕጉ ተቀበረች።

ለቅሶው ሲያበቃ ኤሊ ከመካከላቸው ተነሳች። አንድም ቃል ሳትናገር ዞራ ወደ አጥሩ መራመድ ጀመረች።

«ውይ!» አለች ጦጣ። «እትዬ ኤሊም ጀርባቸውን ሰጡን!»

የተናገረችው ወደ ራሷ ጆሮ ገባ። ከቅርንጫፏ ወረደችና ተከተለች። ከርከሮም ተከተለ።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ጀርባውን የሰጠህን ሁሉ ናቀኝ አትበል፤ ተነስተህ ጥቂት ተከተለው፣ ያየልህን ታያለህ። ደግሞ በሕይወት ሳለ ተከተለው፤ ከተቀበረ በኋላ ኮቴ አይሰማም።

እኔ ጨረስኩ፤ የተዋሳችሁትን ጆሮ ለባለቤቱ መልሱ።