የማይከፈተው መስኮትና ስሙ የተፋቀው በርሜል

ተረት ተረት! «የመስኮት ብረት» በሉኝና ልጀምር።

በአንድ ከተማ፣ የቤት ዕቃ በሚሠራበት ሰፈር፣ ወለላ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ሚልኪ የሚባል የሁለት ዓመት ልጅ ነበራት። ሚልኪ ሲያስል አድሮ ሲያስል ይውላል። የጤና ጣቢያዋ ነርስ «ንጹሕ አየር ያግኝ» ብላታለች። ወለላም የፈለገችው ይቺን ብቻ ነው፦ ልጇ ቀትር ላይ፣ መስኮት ተከፍቶለት፣ አንድ ሰዓት እንዲተኛ።

«መስኮት፣ መስኮት፣ ተከፈትልኝ፤ ልጄ ይተኛ።»

«አልከፈትም! ሽታው ውጭ ቆሞ ይጠብቀኛል። ገና ገርበብ ስል ቀድሞ የሚገባው እሱ ነው።»

«ሽታ፣ ሽታ፣ ሂድልኝ፤ መስኮቱ ይከፈት፣ ልጄ ይተኛ።»

«አልሄድም! እዚህ አጠገብ ካለው የእንጨት ሥራ ቤት ቀቢው ከማለዳ ጀምሮ ሲቀዳኝ እየዋለ ወዴት ልሂድ?»

ይሄ ሽታ ምን መሰላችሁ? የቲነር ነው። ቲነር ቫርኒሽ ያቀጥናል። ቫርኒሹ ሲደርቅ ግን ቲነሩ እንጨቱ ላይ አይቀርም፤ ተኖ ወደ አየር ይሄዳል። አየሩን የሚስበው ደግሞ ሚልኪ ነው።

ወለላ ወደ ቀቢው ሄደች። «ጋሼ ደምሰው፣ ቲነሩን ይቀንሱልኝ። ልጄ አልተኛ አለ፤ መስኮቱ አልከፈት አለ፤ ሽታው አልሄድ አለ።»

ጋሼ ደምሰው የቀላ ዓይናቸውን በክንዳቸው ጠረጉ። «ወለሌ፣ የኔ ልጅ፣ እኔንስ ራሴን እየፈለጠኝ አይደል? ግን በራሴ አልቀንስም፤ ባለቤቱ ያባርረኛል። ከቢሮ አንድ የተፈረመ ወረቀት አምጪልኝ።»

ቢሮው ድርጅቶች የሚጠቀሙባቸውን መርዛማ ኬሚካሎች ይመዘግባል። ተቆጣጣሪዋ ሕሊና ትባላለች።

«እህቴ፣ ፈርሚልኝ። ልጄ አልተኛ አለ፤ መስኮቱ አልከፈት አለ፤ ሽታው አልሄድ አለ፤ ቀቢው አልቀንስ አለ።»

ሕሊና ወንበር ሳበችላት። «አዝናለሁ እህቴ፣ አልፈርምም። ቅጹ ሳይሞላ ምኑ ላይ ልፈርም?»

«ቅጽ፣ ቅጽ፣ ተሞላልኝ። ልጄ አልተኛ አለ፤ መስኮቱ አልከፈት አለ፤ ሽታው አልሄድ አለ፤ ቀቢው አልቀንስ አለ፤ ተቆጣጣሪዋ አልፈርም አለች።»

«አልሞላም! የኬሚካሉ ስም ማን ነው? በሳምንት ስንት በርሜል ነው? ወይስ “የሚሸት ነገር” ብለሽ ልትጽፊብኝ ነው?»

አትፍረዱበት። ምን ያህል እንደነበረ ካልታወቀ፣ ነገ ቀነሰ አልቀነሰ በምን ይለያል?

ወለላ ወደ እንጨት ሥራ ቤቱ ጓሮ ሄደች። የቲነሩ በርሜል እዚያ ተገትሯል።

«በርሜል፣ በርሜል፣ ስምህን ንገረኝ። ልጄ አልተኛ አለ፤ መስኮቱ አልከፈት አለ፤ ሽታው አልሄድ አለ፤ ቀቢው አልቀንስ አለ፤ ተቆጣጣሪዋ አልፈርም አለች፤ ቅጹ አልሞላ አለ።»

«አልናገርም! የሚሸጠኝ ነጋዴ ከየት እንደሚያመጣኝ እንዳይታወቅበት ስሜን በምላጭ ፍቆታል።»

ወለላ እዚያው ተቀመጠች።

«አንቺ፣ ደህና ነሽ? ከበርሜል ጋር ነው የምታወሪው?» አለ ከኋላዋ አንድ ድምፅ። እትዬ አስካለ ናቸው፤ ባዶ በርሜል እያጠቡ የሚኖሩ፣ መዳፋቸው የተሰነጣጠቀ።

«እርስዎም እንቢ ይበሉኝና ልግባ፣ እትዬ። ልጄ አልተኛ አለ፤ መስኮቱ አልከፈት አለ፤ ሽታው አልሄድ አለ፤ ቀቢው አልቀንስ አለ፤ ተቆጣጣሪዋ አልፈርም አለች፤ ቅጹ አልሞላ አለ፤ በርሜሉ አልናገር አለ።»

«እኔ እንቢ ልል? መቼ ተጠየቅኩና! ስሙ በርሜሉ ቂጥ ላይም አለ፤ እሱን መፋቅ ረስተውታል። በሳምንት አራት በርሜል አጥባለሁ። ከአራቱ አንዱ እንጨት ሳይነካ ነው የሚያልቀው። ክዳን የለ፣ ምን የለ፤ እንዲሁ ሲተን ይውላል፤ ብሩሽ ታጥቦበትም ይደፋል። ብቻ ስትጽፉ ይቺንም ጨምሩልኝ» አሉና እጃቸውን ዘረጉ። «ጓንት።»

ከዚያማ ምን ይጠየቃል! በርሜሉ ተገለበጠና ስሙን ተናገረ፤ ቅጹ ተሞላ፤ ተቆጣጣሪዋ ፈረመች፤ ቀቢው ቀነሰ። ክዳን ገጠመ፣ ብሩሹን ሁሉ በአንድ ጣሳ አጠበ፣ ለቁም ሳጥን ደግሞ በውሃ የሚቀጥን ቀለም ያዘ። አራቱ በርሜል ሁለት ሆነ። ሽታው ሄደ፤ ባንዴ አይደለም፣ እያጉረመረመ፣ ቀን በቀን። መስኮቱ ተከፈተ። ሚልኪ ተኛ።

ወለላ ሳሉን ጠበቀች። አልመጣም። ይልቅ ከጓሮ እትዬ አስካለ፣ ጓንታቸውን አጥልቀው፣ በርሜል ሲያንኳኩ ተሰማት። አንገቷን በመስኮቱ አወጣች።

«ኧረ ቀስ ይበሉ እትዬ! ልጅ ተኝቷል!»

ተረቴን መልሱልኝ፤ እናንተም ቀስ ብላችሁ።