የበሬ መራጩ ዓይን

አንድ ሰው ነበረ። ስሙን አልነግራችሁም፤ ብነግራችሁ ስትወጡ ሄዳችሁ ትስቁበታላችሁ። ሰፈሩ ለፋሲካ ቅርጫ ሲገባ በሬ የሚመርጠው እሱ ነው። ሻኛውን ዳበስ፣ ታፋውን ቸብ ቸብ አድርጎ "ይሄ ነው!" ካለ አለቀ፤ ማንም አይከራከረውም።

ዓይኑ እየደከመ መጣ። ለሰው ነገረ? አልነገረም። ዘንድሮ በጾሙ አጋማሽ ገበያ ወጣና የሰፈሩ ሰው ቆሞ እያየው አንዱን ከብት አቅፎ "በሬ ማለት ይሄ ነው!" አለ።

ላም ነበረች።

የሳቁን ነገር ተዉት። በነጋታው ሚስቱን ዘነበችን አስከትሎ ዓይን ሕክምና ሄደ። ሐኪሟ መረመረችው።

"አባባ፣ የዓይን ሞራ አለብዎት፤ እሱ ይወጣል። ግን ሌላም አግኝቻለሁ፤ ግላኮማ ይባላል። ዓይንዎ ውስጥ ያለው ውሃ መውጫው ጠቦበት ግፊቱ ጨምሯል። ዝም ከተባለ ከዳር ከዳር እያጨለመ ይሄዳል፤ ያጠፋውን ደግሞ መመለስ አይቻልም።"

"እኔን አያመኝም።"

"አያምም፤ ክፋቱም እሱ ነው። ሞራውን ለማውጣት በምከፍታት ትንሽ ቀዳዳ በዚያው ገብቼ ውሃው መውጫ እንዲያገኝ አደርጋለሁ። ሁለቱም በአንድ ቀን ያልቃል።"

ምን ቢላት ጥሩ ነው? የገበያ ሰው አይደል! ያልጠየቀውን ሲመርቁለት ይጠረጥራል። "ዶክተር፣ እርስዎ ሞራውን ብቻ ያውጡልኝ። ላምና በሬ ከለየሁ ይበቃኛል። ያላመመኝን እንዳይነኩብኝ!"

ብትለምነው፣ ብታስረዳው፣ ወይ ፍንክች። ይሄኔ ጥግ ላይ የተቀመጠችው ዘነበች አፏን ከፈተች።

"አንተ ሰውዬ፣ የአምናውን በሬ ረሳኸው?"

የአምናው በሬ! ሻኛው የተቆለለ፣ ቆዳው የሚያብለጨልጭ፣ ሰፈሩ ሁሉ መራጩን የመረቀበት በሬ። ታርዶ ሆዱ ሲከፈት ግን ጉበቱ ትል በትል! ጾሙን ሙሉ ያንን ጉበት ሲያልሙ የከረሙ ሰዎች ቢላቸውን እንደያዙ ቀሩ።

"ያ በሬ አመመኝ ብሎህ ነበር?" አለችው።



"ብትታወር እጅህን ይዤ መምራቱ አያቅተኝም። ጭቅጭቅህን ነው የማልችለው" አለችና በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ፈርታ ነበር ሴትዮዋ።

"ዶክተር" አለ በመጨረሻ፣ "እንግዲያው ሁለቱንም።"

ሁለቱም ተሠሩለት። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያየው ሐኪሟን ነው። አፍጥጦ አያትና "አንቺ ነሽ እንዴ? ይህችን የምታህል ልጅ መሆንሽን ባውቅ መቼ እተኛልሽ ነበር!" አላት።

"እንኳንም አላዩኝ፣ አባባ" አለችው።

ሳቃችሁ አይደል? ሳቁ። አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ይህ ሰው ሐኪም ዘንድ የሄደው ለምንድን ነው? አሞት? አይደለም፣ ተዋርዶ ነው። እኛስ፣ ወገኖቼ? ስንጸልይ የምንቆጥረው ሰው ያየብንን አይደለም? "አምላኬ ሆይ፣ ሰው ፊት ያሳፈረኝን አንሳልኝ።" ሰው ያላየውንስ? ቂሙንስ? "እሱ አያመኝም፤ አትንካብኝ!"

እዚህ ከመካከላችሁ ጸሎቱ ሲያልቅ እህቷን ላለማግኘት ሁልጊዜ በጓሮ በር የምትወጣ አለች። ዞር ዞር አትበሉ፤ በሩ የሚታየው ለእኔ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ያመናል? አያመንም፤ ለምደነዋል። ግን ከዳር ከዳር እየጨለመብን ነው። መጀመሪያ እህት ትጠፋለች፤ ቀጥሎ የእህት ልጆች፤ ቀጥሎ ሰርጉም ለቅሶውም ይቀራል። ሳትነጋገሩ ያለፉት ዓመታት አይመለሱም፤ ይህን ስናገር እኔንም ይከፋኛል። የቀረ ብርሃን ግን አለ። እሱን ማትረፍ ይቻላል።

እንግዲህ ዛሬ ልባችሁን ለአምላክ ስትከፍቱለት "ይህን ንካ፣ ያንን ተው" እያላችሁ አትከራከሩት። ከተከፈተ አይቀር ሁለቱንም ይሥራው። ስትወጡም በፊት ለፊቱ በር ውጡ።

"እኔን አያመኝም" ብሎ የሚቀመጥ ካለም ይቀመጥ። ያ በሬም አመመኝ አላለም ነበር።